አፍን በዘይት ስትጉመጠመጡ ሲንክ ውስጥ እንዳትተፉ

ለአፍና ለጥርስ ጤና ይበጃል የሚባለውን ጠዋት አፍን በዘይት መጉመጥመጥ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ከሁሉ በፊት ይህችን ያዙልኝ፦ ዘይቱን ሲንክ ውስጥ እንዳትተፉት። የኮኮናት ዘይት ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ እንደ ሞራ ይረጋል። ቱቦ ውስጥ ከረጋ ጣጣው ብዙ ነው። ሶፍት ላይ ወይም ፌስታል ውስጥ ተፍታችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት።

ነገሩ የህንዶች ነው፤ አዩርቬዳ ከሚባለው የጥንት ሕክምናቸው የመጣ። ሁለት ዓይነት አለው። «ጋንዱሻ» የሚሉት አፍን ጢም አድርጎ ሞልቶ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ነው። «ካቫላ» ደግሞ ትንሽ ይዞ መጉመጥመጥ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው። ደግሞ ኮኮናቱ አሁን ፋሽን ሆነ እንጂ የድሮው የሰሊጥ ዘይት ነው። እሱ እኛም ጋ አይጠፋም።

አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በባዶ ሆድ። ለጀማሪ 5 ደቂቃ ይበቃል። 20 ደቂቃ የሚሉትን ለጊዜው ተዉት፣ መንጋጋ ያዝላል። ቀስ እያላችሁ በጥርሳችሁ መሃል አመላልሱት። ወፍራሙ ዘይት ከምራቅ ጋር ሲደባለቅ ይቀጥናል፣ ነጣ ብሎ ወተት ይመስላል። ያኔ ትፉት። እንዳትውጡት። ለብ ባለ ውሃ ተጉመጥመጡና ጥርሳችሁን ቦርሹ።

ቡረሻውን ግን አይተካም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በቂ ማስረጃ የለውም ብሎ አይመክረውም። የተቦረቦረ ጥርስም በዘይት አይሞላም፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ጭራሽ አይሞክሩት። ትን ብሏቸው ዘይቱ ሳንባ ከገባ ቀልድ አይደለም።