የካባ አፈርና የክረምት ጎርፍ

ባሕር ዳር ዙሪያ ካባ (የድንጋይ ማውጫ) ላይ የሚቆፈረው ድንጋይ ባዛልት ነው። በድንጋይ ከሰል ማውጫ የሚያስቸግረው ፒራይት የሚባል ድኝ ያለበት ማዕድን ነው፤ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል። ባዛልት ካባ ላይ የሚያስቸግረው ግን ጭቃ ነው። ከድንጋዩ በላይ የሚነሳው ዋልካ በጣም ደቃቅ በመሆኑ አንዴ ከውሃ ከተቀላቀለ ለቀናት አይዘቅጥም፤ ጣና ዳር ያለው ደንገል ያጣራዋል ብሎ መተውም አይሆንም። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና ነው።

መጀመሪያ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚያዞር መቀልበሻ ቦይ ከካባው በላይ ይውጣ። በየ100 ሜትሩ ከ50 ሳንቲም እስከ 1 ሜትር ይውረድ፤ ዓይን ያታልላልና በውሃ ልክ ይለካ። ከዚህ ከበለጠ ወለሉን ይቦረቡራል፣ ካነሰ በደለል ይደፈናል። ቁልቁለቱ 2 በመቶ በሚደርስበት ቦታ 50 ሳንቲም ከፍታ ያለው የድንጋይ ክትር በየ25 ሜትሩ ይሠራል። የክትሩ መሀል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል። ብዙ ሰው እኩል አድርጎ ይክበውና ውሃው በጎን ዞሮ ዳሩን ይንደዋል።

ለም አፈሩ ለብቻው፣ ከ2 ሜትር ሳይበልጥ ይከመር፤ ኋላ ጉድጓዱን ለማልበስ ይፈለጋል። ለቀሪው አፈር ክምር ምንጭና ሸለቆ የሌለበት ቦታ ይመረጥ፤ ሣሩና ጉቶው ይነቀል፤ ከሥር ከበሰበሰ ክምሩ ይንሸራተትበታል። ገልባጭ መኪና ከጠርዝ ላይ ቁልቁል እንዲደፋ አይፈቀድ። በ50 ሳንቲም ንጣፍ እየተደለደለ በዶዘር ይጠቅጠቅ፤ ዋልካ ከሆነ ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር አግድም ይሰጠው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቬቲቨር ወይም ደሾ ሣር በ15 ሳንቲም ርቀት ይተከል። አናቱ ላይ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከታየ ሊናድ ነው፤ መኪናም ሰውም ከላይም ከታችም ይራቅ።

አሁን ከካባው የሚወርደው ጭቃማ ውሃ ወደሚያርፍበት፣ ወደ ደለል ማቆያው ኩሬ። በ1 ሄክታር ካባ ላይ በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና 70 በመቶው ቢፈስ 350 ሜትር ኩብ ይሆናል። መቀልበሻው ሳይሠራ ቀርቶ የላይኛው 3 ሄክታር ቢጨመርበትና ያም እንዲሁ ቢፈስ 1,400 ይደርሳል፤ ቦዩ ከኩሬው በፊት የሚመጣው ለዚህ ነው። የኩሬው ርዝመት ከስፋቱ ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን፤ መግቢያና መውጫው በሁለቱ ጫፍ ይሁኑ፤ አለበለዚያ ጭቃው ሳይዘቅጥ አቋርጦ ይወጣል። ማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት) ድንጋይ ይነጠፍበት፣ ከግድቡ አናትም 50 ሳንቲም ዝቅ ይበል።

ውሃው ከመለቀቁ በፊት በባዶ ሃይላንድ ቀድቶ ሳይነቀነቅ ማሳደር ጥሩ ነው። ጠዋት ከታች አሸዋው ተኝቶ ከላይ አሁንም ቡና በወተት ከመሰለ ማደሩ አልበቃውም፤ ለክሬሸሩ (ድንጋይ መፍጫው) እና ለመንገዱ አቧራ ማርጠቢያ ይዋል።

ኩሬው እስከ ግማሹ በደለል ከሞላ ይጠረግ። ጥር ላይ ደርቆ በአካፋ ሲቆረጥ ሥራው ይቀላል። የወጣውን ግን እዚያው ዳር ላይ መከመር የለም፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ተመልሶ ይገባል።