አሮጌ ሞተር ሲንኳኳ፦ ዘይቱ አናት ይደርሳል ወይ?

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ነው የጀመረው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አቀበቱ በገፋ ቁጥር ድምፁ ባሰ። ሞተር ሳይክሌ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ነው፤ አርጅቷል፣ ግን ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ መካኒክ ጆሮውን ጣል አድርጎ "ጋሼ፣ 50 ቁጥር ዘይት ያድርጉበት፣ ዝም ይላል" አለኝ። እውነትም ዝም አለ። ለሁለት ሳምንት።

ምልክት፦ ሲሞቅ ከቴስታታው (ከሞተሩ አናት) የሚመጣ ቀጭታ

መጀመሪያ የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይለኩ። እሱ ደህና ከሆነ ዘይቱን ይጠርጥሩ። የኤክስኤል ካምሻፍት (ካሙ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አናት ላይ ነው ያለው። ኩሽኔታ የለውም፣ አሉሚኒየሙ ላይ ነው የሚዞረው። ዘይት ሲያጥር ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ሌላው ሆንዳ፣ ሲጂ 125፣ ካሙ ታች ስለሆነ ይሻላል።

እንደ 50 ቁጥር ያለ ወፍራም ዘይት ድምፁን እንጂ በሽታውን አያጠፋም። እንዲያውም በማርቆስ የጠዋት ብርድ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ካሙ ደረቁን ይፈጫል። እኔ በብርድ ቀጠን ወደሚለው 20-50 ዘይት ተመልሻለሁ።

አሁን የዘይቱን ልክ ይፈትሹ። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቀው ያጥፉት፣ ትንሽ ይጠብቁ። ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በጎን መቆሚያው ጋደል ብሎ ከለኩት ልኬቱ ይዋሻል። መለኪያውን ጠርገው ያስገቡ፣ ግን አያጥብቁት፤ በሆንዳ ላይ ጥርሱ ላይ እንዳረፈ ነው የሚነበበው። አጥብቆ የሚለካ ሰው የጎደለውን ሞልቷል ብሎ ይሄዳል። እኔም ስንት ዓመት እንደዚያ ነበርኩ!

ልኩ ደህና ከሆነ የቫልቭ ማስተካከያውን ክዳን ፈትተው በሚኒሞ ያስነሱት። ጋዝ አይስጡ። ዘይት አናት ላይ ማራስ አለበት። ደረቅ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው።

የሚዘጋው ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት ቦታ ነው። በፍሪሲዮን በኩል ያለውን ክዳን ሲከፍቱ፣ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ክብ ቆርቆሮ የምትመስል ነገር ያገኛሉ። ፊልትሮ ናት። እየተሽከረከረች ቆሻሻውን ወደ ዳር ትወረውራለች፣ እዚያው ይጋገራል። የእኔን ስከፍት እንደ ምጣድ ጥቀርሻ በካቻቢቴ ነው የፋቅሁት። ታች ያለችውን ወንፊትም አይርሱ። ሁለቱንም በቤንዚን ይጠቡ፤ ጭቃው ወደ ኮሎው ቀዳዳ እንዳይገባ ግን አደራ። አዲስ ጓርኒሲዮን (የክዳኑን ማሸጊያ) ያድርጉ። ዘይት 1 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። በጠጠር መንገድ የምትውሉ በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ።

ምልክት፦ ዘይት ከተቀየረ በኋላ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል

የመኪና ዘይት ነው ያስገቡት። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብለው የተሠሩት ዘይቶች በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን አይሆኑም። ያፍስሱትና ጣሳው ላይ "ጃሶ ኤምኤ" (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ይግዙ።

ምልክት፦ ሰማያዊ ጭስ

በኤክስኤልና በሲጂ ላይ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማው አልቋል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ጨሶ ከተወ ጎማው ነው፤ አቀበት ላይ ከባሰ ፋሻው።

ያማሃ ዲቲ ላለው ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል መጠነኛ ጭስ ጤናው ነው። የሚያስፈራው ጭሱ ድንገት ድርቅ ሲል ነው። ወዲያው ያቁሙ። የዘይት ፓምፑ አየር ይዞ ይሆናል፤ የማስተንፈሻዋን ብሎን ፈትተው አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወርድ ይጠብቁ።