በሌዘር የሚወጣ ጥቃቅን ንድፍ ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ባሉ ወርክሾፖች፣ 20 ወይም 30 ዋት ፋይበር ሌዘር የትኩረት ርቀቱ 160 ሚሊሜትር ከሆነ ሌንስ ጋር ይዘው ብረት ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ወይም ሸካራ ገጽ ለሚያወጡ የተዘጋጀ ነው። ንድፉ በተበላሸ ቁጥር ኃይል መጨመር የተለመደ ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ ላይ አይደለም።

ጉድጓዶቹ ተያይዘው መስመር ሆኑ

ዘይት እንዲይዙ የሚቀረጹ ጉድጓዶች ተለያይተው መቆም አለባቸው። ርቀታቸው የሚገኘው የጨረሩ ፍጥነት ለፍሪኩዌንሲው (በሰከንድ ለሚወጡት የጨረር ምቶች፣ ማለትም ፐልሶች፣ ብዛት) ሲካፈል ነው። በሰከንድ 800 ሚሊሜትር ለ20,000 ኸርዝ ሲካፈል 40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ይሆናል። የጨረሩ ነጥብ 50 ማይክሮን ከሰፋ መደራረቡ አይቀርም። ፍጥነቱን 2,000 ያድርጉት፤ ርቀቱ 100 ማይክሮን ይደርሳል። የመስመሮቹንም ርቀት 0.1 ሚሊሜትር ያድርጉ፤ አለዚያ በጎን ይያያዛሉ።

አንድ ፐልስ የሚያወጣው ጉድጓድ በጣም ጥልቀት የለሽ ነው። ለማጥለቅ ያንኑ ፋይል ደጋግሞ ማስኬድ አያዋጣም፤ የፐልሱ መነሻ ከመስመሩ መነሻ ጋር ስላልተቆራኘ፣ የሁለተኛው ዙር ነጥቦች በፊተኞቹ ላይ አያርፉም። ጥልቀት ከተፈለገ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ትንሽ ክብ ይሳሉና ውስጡን ያስሞሉት። ሥራው ይረዝማል፣ ግን ቦታውን አይስትም።

የጉድጓዱ ዳር ተቆልሎ እጅ ይቧጭራል

ቀልጦ ወደ ጎን የተገፋ ብረት እዚያው ረግቶ ነው። ጉድጓዶቹ እንደ ክብ የተሳሉ ከሆነ፣ ኃይሉን በግማሽ ቀንሰው ከ3 እስከ 5 ዙር ያስኪዱ። በመጨረሻ አንድ ዙር በትንሽ ኃይልና በከፍተኛ ፍጥነት ያሳልፉበት፤ ቀሪውን በናስ ብሩሽና በአልኮል ያጽዱ። ብርጭቆ ወረቀት አይንኩ፣ ንድፉን ይበላዋል።

በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ጥቁር ነጥብ

ጨረሩን የሚመሩት መስታወቶች ገና ፍጥነት ሳይይዙ ጨረሩ እየበራ፣ ወይም ከቆሙ በኋላ ዘግይቶ እየጠፋ ነው። መነሻው ላይ ከሆነ የማብሪያውን መዘግየት ይጨምሩ፣ መድረሻው ላይ ከሆነ የማጥፊያውን ይቀንሱ። በአንድ ጊዜ ከ20 ማይክሮሰከንድ በላይ አይቀይሩ።

አንዱ ጎን ጠልቆ ሌላው ደብዝዟል

ላሜራው ዘሟል፤ በዚህ ሌንስ የ1 ሚሊሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት እንኳ ይታያል። ፎከሱን ለማግኘት የቁራጭ ላሜራን አንድ ጫፍ 10 ሚሊሜትር ከፍ አድርገው ቀጥ ያለ መስመር ይቅረጹበት። መስመሩ እጅግ የቀጠነበት ከፍታ ትክክለኛው ነው።

ጠዋት ደብዝዞ ረፋድ ላይ ይስተካከላል

ይህ የእኛ አገር ብርድ ሥራ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱን ብርዱ የገባበት ሌንስ፣ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲበዛና ከሰል ወይም ጀበና ሲጣድ እርጥበቱን ይስባል፤ ጤዛው ጨረሩን ይበትነዋል። ማታ ሌንሱን ይክደኑ፤ ጠዋት ክፍሉ ሞቆ ማሽኑም እስኪላመድ ድረስ ጨረር ሳያወጡ ግማሽ ሰዓት አብርተው ያቆዩት። ጤዛ ካዩ በእጅጌ አይጥረጉ፤ በሌንስ ወረቀትና በንጹህ አልኮል ከመሃል ወደ ዳር ያጽዱ። የመስታወት ቱቦ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል፦ ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሌሊት ወደ በረዶ ከረጋ ቱቦው ይሰነጠቃልና ማታ ውሃውን ያፍስሱት።

ቀትር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ከፍታችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ በሩብ ያህል ሳስቷል፤ ማራገቢያው የሚያቀዘቅዘውም ያነሰ ነው። ማሽኑ በሙቀት የሚቆም ከሆነ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አቧራ ያራግፉ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ንድፉ ተዛነፈ

ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ልቅ ሆኖ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ባለ ሁለት ጎን መቆሚያ በብሎን ይሰሩለት፤ ዕቃው ማዕዘኑ ውስጥ ከተገፋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኮምፒውተሩንና መቆጣጠሪያውን በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል በሚሰጥ መሣሪያ) ያስሩ። ፋይሉንም በየክፍሉ ከፋፍለው ቢያስቀምጡ፣ የሚደገመው የተቋረጠው ክፍል ብቻ ይሆናል።