ለዳያስፖራው፦ ደሴ ያለው የእናታችን ስልክ በየአፑ ፓስወርድ እንዳይጠይቅ

እናቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምትኖረው፣ እኔ ደግሞ ቨርጂኒያ። እዚህ ሙቀት ሲሆን የሰባት፣ ብርድ ሲገባ የስምንት ሰዓት ልዩነት አለን። እሷ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቡናዋን አቅርባ ስልኳን ስታነሳ እኔ ጋ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ስልኬ ሲጮህ ክፉ ወሬ መስሎኝ እየደነገጥኩ ተነስቻለሁ። ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነበር፦ «ልጄ አብሽር፣ ሁላችንም ደህና ነን። ይኼ ስልክ ነው ዛሬም ያንን ነገር አምጪ የሚለኝ።»

«ያንን ነገር» የምትለው የአካውንቱን ፓስወርድ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። የራሴን አሮጌ አይፎን ከአካውንቴ ሳልወጣ ለመንገደኛ ሰጥቼ ላክሁላት። አፖቹ ሁሉ ተጭነው፣ ምንም ሳይጎድለው ቢደርሳት ይቀላታል ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ አፕ በጫነች ቁጥር የኔ ፓስወርድ ይጠየቃል። በኢሞ እጽፍላታለሁ፤ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይታ እስክታስገባ ሁለት ሦስቴ ትሳሳታለች፤ ሲሳካላት ደግሞ ስድስት አሃዝ ያለው ኮድ ወደኔ ስልክ ይመጣል። ተኝቼ ከሆነ አለቀ። በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ተቸግሮ ፓስወርዱን ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፈው፤ ከደብተሩ ደግሞ ፒያሳ ወዳለ አንድ የሞባይል ሱቅ ሄደ። እኔ ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። በዚያ ፓስወርድ ኢሜይሌ፣ ፎቶዬ፣ የሐኪም ቤት ወረቀቴ ሁሉ ይከፈታል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደኔው ስልክ ልካችሁ ወይም ገንዘብ ልካችሁ አስገዝታችሁ፣ ከዚያ ፓስወርድ በቃል እያስጠናችሁ ላላችሁት ነው። መፍትሔው ፓስወርዱን ቶሎ ቶሎ መላክ ሳይሆን እነሱ ጭራሽ እንዳያስፈልጋቸው ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቡ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ይወቅ፤ ብዙ ሰው ሁሉንም «ፓስወርድ» ብሎ ይጠራቸዋል። አንዱ ስልኩን የምንከፍትበት ቁጥር ነው። ሁለተኛው የጉግል ወይም የአፕል አካውንት ፓስወርድ ነው፤ አፕ ስንጭን የሚጠየቀው ይኼኛው ነው። ሦስተኛው የቴሌብር ወይም የባንክ የሚስጥር ቁጥር ነው። የምናስቀረው የሁለተኛውን ጥየቃ ብቻ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው እንደነበሩ ይቆያሉ። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት እንዲህ አልኳት፦ «እማዬ፣ የመጀመሪያው የግቢው በር ነው፣ ሦስተኛው የሳጥኑ ቁልፍ ነው። እነሱን አንነካም።» ገባት።

አሁን ወደ ሥራው። አካውንቱ የማን ነው የሚለው ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። እናታችሁ በራሷ ስም፣ በራሷ የስልክ ቁጥር የተከፈተ አካውንት ይኑራት። የናንተም፣ የባለ ሱቁም አይሁን። ደሴም ኮምቦልቻም ስልክ ሲገዛ ሻጩ ራሱ ጂሜይል ከፍቶ ማስረከቡ የተለመደ ነው፤ ፓስወርዱን ማንም አይጽፈውም፣ ከሳምንት በኋላ እሱም አያስታውሰውም። የዚህን ጉዳት ቤታችን አይቶታል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወንድሜ ስልኩ ጠፋበት። አካውንቱን የከፈተለት ሌላ ሰው ስለነበር አዲስ ስልክ ሲገዛ ተመልሶ መግባት አልቻለም፣ የአባታችን የመጨረሻ ፎቶዎችም እዚያው ቀሩ። ፓስወርዱን አውቆት ቢሆን ፎቶዎቹ ዛሬ እጃችን ላይ ይሆኑ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

አይፎን የምትልኩ ከሆነ ለመንገደኛው ከመስጠታችሁ በፊት ከአካውንታችሁ ውጡ፣ ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምስሱት፤ እሷ እንደ አዲስ ትጀምረው። ስልኩ ደሴ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ይህን ያነበባችሁት፣ የእሷን ፎቶና የዋትሳፕ መልእክት አስቀምጡላት፤ ከዚያ እዚያው ከሰው ጋር ሆና ከአካውንታችሁ እንድትወጣ አድርጉ። ያ ካልሆነ በአይክላውድ ገጽ በኩል ከዚህ ሆናችሁ ስልኩ ውስጥ ያለውን ደምስሳችሁ ከአካውንታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ከዚያ የራሳችሁን ፓስወርድ ቀይሩ። ይህን አትለፉት፤ የትኛው ደብተር ላይ እንዳለ አታውቁም።

ለእሷ አካውንት የምታወጡት ፓስወርድ ረጅም፣ ግን እሷ የምታውቀው ይሁን፤ ሦስት አራት የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ተገጣጥሞ ቢጻፍ ይበቃል። ወረቀት ላይ ይጻፍና ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ይግባ። የናንተን ኢሜይል ደግሞ ፓስወርድ ሲረሳ ማስመለሻ እንዲሆን አስመዝግቡ። በዚህ መንገድ ባለቤቷ እሷ ሆና መጠባበቂያው እናንተ ትሆናላችሁ።

አንድሮይድ ከሆነ፣ ማለትም ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ከሆነ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ፕሌይ ስቶር ነፃ አፕ ሲጫን በመደበኛው ፓስወርድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለግዢ ነው። ፕሌይ ስቶርን ከፍቶ ላይኛው ጥግ ያለውን ፎቶ ወይም ፊደል መንካት፣ ሴቲንግስ ውስጥ መግባት፣ ከዚያ «ፐርቼዝ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን መፈለግ ነው። እዚያ ለሁሉም ግዢ ማረጋገጫ እንዲጠየቅ አድርጉና ማረጋገጫው በአሻራ እንዲሆን ምረጡ። ስልኩንም ወደ አማርኛ ለውጡላት፣ አንድሮይድ ይፈቅዳል። እናቴ አሁን ቴክኖ ነው የያዘችው፤ ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ ወዲህ ስልኩ ያላትን ራሷ አንብባ ትነግረኛለች።

አይፎን ግን ነፃ አፕም ቢሆን ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በፊት ገጽታ ወይም በጣት አሻራ ማድረግ ነው፦ ሴቲንግስ ውስጥ «ፌስ አይዲ ኤንድ ፓስኮድ» (ባለ አሻራ ስልክ ከሆነ «ተች አይዲ ኤንድ ፓስኮድ») ገብቶ «አይቲዩንስ ኤንድ አፕ ስቶር» የሚለውን ማብራት። በፊት ገጽታ ሲሆን ግን የጎኑን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ መጫን ይጠይቃል፣ ይህ ደግሞ ለትልልቅ ሰዎች ይከብዳል። የእናቴ እህት ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ ናት፤ ሁለቴ ስትጫን በመሀል ስለምትዘገይ ስልኩ ይጠፋባታል። ለእሷ ሁለተኛውን መንገድ መረጥን፦ ያንን «አይቲዩንስ ኤንድ አፕ ስቶር» የሚለውን አጥፍቶ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ስሟን ነክቶ፣ «ሚዲያ ኤንድ ፐርቼዝስ» ከዚያ «ፓስወርድ ሴቲንግስ»። እዚያ ለግዢ «ሁልጊዜ ጠይቅ» የሚለው ይሁን፣ «ፍሪ ዳውንሎድስ» ሥር ያለው «ሪኳየር ፓስወርድ» ይጥፋ። «ፓስወርድ ሴቲንግስ» የሚለው አልታይ ካላችሁ አትጨነቁ፣ ፌስ አይዲው ለአፕ ስቶር በርቶ ስለሆነ ነው።

ስለ አሻራ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔን ብዙ አድክሞኛልና። የእናቴ አውራ ጣት ስልኩ ላይ አይነበብም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ምጣድ ዳር የኖረ፣ ስንደዶ የሰነጠቀ፣ ጥጥ የዳመጠ እጅ ነው፤ መስመሩ ሳስቷል። ባለፈው ለገና ስሄድ አጠገቧ ተቀምጬ አሥር ጊዜ ሞከርን፣ አሥሩንም ጊዜ «እንደገና ይሞክሩ» አለ። እሷ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች «ተወው ልጄ፣ የኔን እጅ ማን ያውቀዋል» አለችኝ። በለብታ ውኃ ታጠበች፣ ቅባት አስነካኋት፣ ትንሽ ቆይተን በደንብ ጠረግነው። ከዚያ ያንኑ አውራ ጣት ሁለት ጊዜ፣ እንደ ሁለት የተለያየ ጣት አድርጌ መዘገብኩት፤ አንዴ በጫፉ፣ አንዴ በጎኑ። የግራ እጇን ሌባ ጣትም ጨመርኩ፣ እሱ ብዙ ስላልሠራ መስመሩ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተቸገረችም። በአካል ስትሄዱ ቅድሚያ የምትሰጡት ሥራ ይኼ ይሁን፤ ከሩቅ ሆኖ ማንም ሊያደርገው አይችልም።

አንድሮይድ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ። እሷ ምንም ሳትነካ ከዚህ ሆናችሁ አፕ መጫን ትችላላችሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ በብራውዘር የጉግል ፕሌይን ገጽ ክፈቱ፣ በእሷ ጂሜይል ግቡ፣ የፈለጋችሁትን አፕ አውጡና ጫን የሚለውን ስትነኩ የእሷን ስልክ ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስልኳ ዳታ ወይም ዋይፋይ ሲያገኝ አፑ በራሱ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ ጉግል ስልኳ ላይ ማረጋገጫ ሊጠይቃት ስለሚችል ነቅታ ባለችበት ሰዓት፣ በስልክ እያወራችሁ አድርጉት። እሷም ፈቅዳ፣ ምን እንደምትጭኑ አውቃ ይሁን፤ ስልኩ የእሷ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ፓስወርድ ቢጠይቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አይፎን ላይ አንድ አፕ በሌላ ሰው አካውንት ተጭኖ ከነበረ፣ ማደስ ሲፈልግ የዚያን የድሮ ሰው ፓስወርድ ይጠይቃል። ከሱቅ ያገለገለ ስልክ ለገዛ ሰው ይህ የታወቀ ራስ ምታት ነው። ያንን አፕ አጥፍቶ በእሷ አካውንት እንደገና መጫን ነው፤ ዋትሳፕ ከሆነ ግን መልእክቱን ባክአፕ ሳታደርጉ እንዳታጠፉት። ሌላው ካርድ ነው። የናንተ የባንክ ካርድ ገብቶበት ጊዜው ካለፈ ወይም ያልተከፈለ ሒሳብ ካለ፣ ነፃ አፕም ሲጫን የክፍያ መረጃ ይጠይቃል። ሒሳቡን ዘግታችሁ ካርዱን አውጡት፤ እናቶቻችን ለሚጠቀሙበት አፕ ካርድ አያስፈልግም።

ይህ አሁን የቅንጦት ነገር አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም ከጀመረ ወዲህ መብራቱም ሌላውም ክፍያ ወደ ስልክ እየገባ ነው። ወንድሜ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል፤ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል ስለሆነ ስልኩ ከተበላሸ የዕለት እንጀራው ይቆማል። አፑ ባልሠራበት ቀን *127# ደውሎ ቴሌብርን፣ *889# ደውሎ የንግድ ባንክን መጠቀም እንደሚቻል ለቤተሰባችሁ ንገሩ፤ ኢንተርኔት አይፈልጉም።

አንድ ነገር ግን አደራ። አፕ መጫን ሲቀል የማይገባውም መግባት ይቀለዋል። ለእናቴ የነገርኳት ይህን ነው፦ አፕ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይጫናል፤ በቴሌግራም የመጣ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፒኬ የሚል ፋይል አይነካም፣ የላከው የአጎት ልጅ ቢሆንም። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶሻል፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪን» የሚል ሰው ሲመጣ ስልኩ ይዘጋል። «እናስተካክልልሽ» ብሎ ኤኒዴስክ የሚባለውን፣ ስልክን ከሩቅ ሆኖ ለማየትና ለማዘዝ የሚያስችለውን አፕ ጫኚ የሚልም እንዲሁ። ለማረጋገጥ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 የምትደውለው ራሷ ናት።

በቅርብ ለመሄድ ካልቻላችሁ ከቤት አንድ ወጣት ምረጡና በዋትሳፕ ቪዲዮ እየተነጋገራችሁ ስክሪኑን እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ ዋትሳፕ ይህን ይፈቅዳል። የት እንደሚነካ እያያችሁ ትነግሩታላችሁ። ስክሪኑ እየታየ ሳለ ቴሌብርም የባንክ አፕም እንዳይከፈት። ሰዓቱን ደግሞ ከእነሱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሷል፣ እናንተም ነቅታችኋል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩ አስቀድሞ ቻርጅ ይደረግ።