የደም ዓይነታችሁን ስትጠየቁ «ኦ» ብቻ አትበሉ

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ክትትል ስትጀምር ደሟ ተመረመረና ካርዷ ላይ «ኤ» ተብሎ ተጻፈ። በቃ፣ «ኤ»። ፖዘቲቭ ትሁን ኔጌቲቭ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። እኛም አልጠየቅንም፣ ማን ይጠይቃል? ሰባተኛ ወሯ ላይ ሌላ ቦታ ስትመረመር ኤ ኔጌቲቭ ሆና ተገኘች። ባሏ ፖዘቲቭ ነው። «ሾተላይ» የሚለውን ቃል ከአያቴ ሳይሆን ከሐኪም አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ከምርመራው እንጀምር። ጤና ጣቢያም ሆነ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ሄዳችሁ «የደም ዓይነቴን ከነአር ኤቹ» በሉ፣ አር ኤች ማለት ያ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚለው ነው። ጣታችሁን ወጋ ያደርጓችኋል፣ ሦስት ቦታ ላይ ጠብ ይደረጋል። አንዱ ጠብታ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ይጨመራል፣ አንቲ ኤ ነው። ሁለተኛው ላይ ቢጫ፣ አንቲ ቢ። ሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለው አንቲ ዲ። ከዚያ እያማሰሉ ማየት ነው። ደሙ በደንብ እንዳልተማሰለ ገንፎ ከጓጎለ፣ ያ ምልክት ቀይ የደም ሴላችሁ ላይ አለ ማለት ነው። ሰማያዊው ብቻ ከጓጎለ ኤ ናችሁ፣ ቢጫው ብቻ ከሆነ ቢ፣ ሁለቱም ከጓጎሉ ኤቢ፣ ሁለቱም ዝም ካሉ ኦ። ሦስተኛው ከጓጎለ ፖዘቲቭ፣ ካልጓጎለ ኔጌቲቭ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ውጤቱን ስትቀበሉ ምልክቱ አብሮ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፣ ከሄዳችሁ በኋላ ማንም አያስታውሳችሁም።

ይህን መጓጎል መጀመሪያ ያስተዋለው ካርል ላንድሽታይነር የሚባል የቪየና ሐኪም ነው፣ በ1901 እ.ኤ.አ. አካባቢ። ከእሱ በፊት ከሰው ወደ ሰው ደም መስጠት ቁማር ነበር፤ አንዱ ይድናል፣ ሌላው ይሞታል፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አር ኤች የታወቀው ደግሞ በ1940 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፣ በዚያም የላንድሽታይነር እጅ አለበት።

የደም ዓይነት ከእናትም ከአባትም ነው የሚወረሰው፣ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ኤ እና ቢ እኩል ይታያሉ፣ ኦ ግን ከሁለቱ ሥር ይደበቃል። ለዚህ ነው ኤ የሆነ አባትና ቢ የሆነች እናት ኦ ልጅ ሊወልዱ የሚችሉት፣ ሁለቱም ኦ ደብቀው ይዘው ከነበረ። ኔጌቲቭም እንደዚሁ ይደበቃል፤ ሁለት ፖዘቲቭ ወላጆች ኔጌቲቭ ልጅ ቢያገኙ ምንም የሚገርም ነገር የለውም። እባካችሁ በዚህ የተነሳ ትዳር አታፍርሱ። ልጁ የማን ነው የሚለውን የሚፈታው የዲኤንኤ ምርመራ ነው እንጂ የጣት ጠብታ አይደለም። «የደም ዓይነታችን አንድ ስለሆነ መጋባት የለብንም» የሚሉም አሉ። ወሬ ነው። አንድ ዓይነት መሆን እንዲያውም ከችግር ያርቃል።

የአር ኤች ችግር ሊኖር የሚችለው እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ነው። ጽንሱ የአባቱን ፖዘቲቭ ከወረሰ፣ በተለይ በወሊድ ሰዓት ትንሽ ደሙ ወደ እናቱ ይገባል። የእናት ሰውነት ያንን እንደ ባዕድ ይቆጥርና መከላከያ ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ቀድሞ ይወለዳል፣ ይድናል። መከላከያው ግን አይረሳም። የሚቀጥለው ጽንስ ፖዘቲቭ ከሆነ የእናቱ መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። ሕፃኑ ደም ያንሰዋል፣ ክፉኛ ቢጫ ይሆናል፣ ሲብስም ማህፀን ውስጥ ይሞታል። አያቶቻችን አንዱ አድጎ ተከታዮቹ ሲሞቱ «ሾተላይ ወሰዳቸው» ያሉት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ስም የተጠራው ሞት ሁሉ ግን የአር ኤች አይደለም፣ ቂጥኝን ጨምሮ ጽንስ የሚገድል ሌላም ብዙ አለ።

መፍትሔው አንድ መርፌ ነው፣ አንቲ ዲ። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የእናት ሰውነት የልጁን ደም «ከመልመዱ» በፊት ደርሶ ይጠርግላታል። ኔጌቲቭ ከሆንሽ 28ኛው ሳምንት አካባቢ አንዴ፣ ከዚያ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ እንደገና ይሰጣል። ውርጃ ቢያጋጥም፣ ደም ቢፈስ፣ ሆድሽ ላይ ብትወድቂም ለሐኪም ተናገሪ፣ ያኔም ያስፈልጋል። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ሁሉም ፋርማሲም ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ምጥ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ቀድመሽ አፈላልጊ። ሰውነትሽ መከላከያውን አንዴ ካመረተ መርፌው አይጠቅምም፣ ከዚያ በኋላ የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል። እህቴ ለጥቂት ደረሰችበት።

ደም መቀበል ላይ ስንመጣ ስህተቱ ከዚህም ፈጣን ነው። የኤ ደም ለኦ ሰው ቢሰጥ፣ ኦው ሰው ከዚህ በፊት የማንንም ደም ባይቀበልም መከላከያው ቀድሞ ሰውነቱ ውስጥ ስላለ፣ የተሰጠው ደም እዚያው ሥሩ ውስጥ ይፈራርሳል፣ ኩላሊት ይመታል፣ ሰው ይሞታል። ኦ ኔጌቲቭ ቀይ ደሙን ለሁሉም ይሰጣል፤ እሱ ግን ከኦ ኔጌቲቭ በቀር አይቀበልም፣ ለጋስ ሰው የሚገጥመው ነው። ኤቢ ፖዘቲቭ ከሁሉም ይቀበላል። ሆስፒታል ግን «ኤ ነኝ» ስላላችሁ አያምናችሁም፣ እንደገና መርምሮ ከሚሰጠው ደም ጋር ያስማማል። ከእናንተ የሚጠበቀው ለምርመራ የተቀዳው ደም ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ስም የእናንተ ወይም የበሽተኛችሁ መሆኑን ማየት ነው። አትፈሩ፣ ጠይቁ።

የመመርመሪያ ብር ማውጣት ካልፈለጋችሁ ደም ለግሱ። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ፣ ጤነኛ ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ ትችላላችሁ። የደም ዓይነታችሁን ይነግሯችኋል፣ ኤች አይ ቪን፣ የጉበት ቫይረስንና ቂጥኝንም ይመረምራሉ። ቁርስ በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ሂዱ። በባዶ ሆድ ሄዶ አዙሮት የተዘረረ ጓደኛ አለኝ፣ እስካሁን እንስቅበታለን።