ከልቡ ነው ከማሽኑ? በልብ ኤምአርአይ ክፍል ለሚሠራ የሆስፒታል ፊዚሲስት

በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የልብ ምስል በሚነሣበት በልብ ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ፊዚሲስቱ ምስል አያነሣም፤ ውጤትም አያነብም። ምስሉን የሚያነሣው ራዲዮግራፈሩ ሲሆን የሚያነበው የልብ ሐኪሙ ወይም ራዲዮሎጂስቱ ነው። ፊዚሲስቱ የሚጠራው በሁለቱ መካከል አንድ ጥያቄ ሲነሣ ነው፦ ይህ የምናየው ነገር የመጣው ከሕመምተኛው ልብ ነው ወይስ ከማሽኑ? ቀጥሎ የቀረበው በብሪታንያ ሆስፒታሎች ያለውን አሠራር መነሻ ያደረገ ነው፤ ሕጉና የሥራ መደቡ ከአገር አገር ቢለያይም የማግኔቱ ጠባይ ግን የትም አንድ ነው።

በብሪታንያ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው በተለምዶ በፊዚክስ ወይም በተቀራራቢ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ለ3 ዓመት በሆስፒታል ውስጥ ይሠለጥናል፤ በዚያው ጊዜም ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኛል። ከዚያ «ክሊኒካል ሳይንቲስት» ተብሎ በሙያው ተቆጣጣሪ አካል ይመዘገባል። ልብን ግን በክፍል ውስጥ ትምህርት ብቻ ማወቅ አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከራዲዮግራፈሩ ጎን ተቀምጠው፣ ምንም ሳይነኩ፣ ከመጀመሪያው ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው እንዲከታተሉ እመክራለሁ። ችግር ሲፈጠር ብቻ ብቅ የሚል ፊዚሲስት ደኅናው ምርመራ ምን እንደሚመስል አያውቅምና።

አስቀድሞ ደኅንነት

የሱፐርኮንዳክተር ማግኔት (እጅግ ቀዝቅዞ ኤሌክትሪክ ያለ ተቃውሞ የሚፈስበት ማግኔት) ምርመራ ባይኖርም፣ መብራት ቢጠፋም የማግኔት መስኩ እንዳለ ነው፤ አዲስ ሠራተኞች በብዛት የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ግዛት በማሽኑ ውስጥ ተኝቶ የነበረ አንድ የ6 ዓመት ልጅ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ስለመታው ሕይወቱ አልፏል። ፊዚሲስቱ የመግቢያ ደንቡን የሚያወጣው፣ ሠራተኛውን የሚያሠለጥነውና ወደ ክፍሉ የሚገባውን እያንዳንዱን ዕቃ የሚመረምረው እንዲህ ያለው አደጋ እንዳይደገም ነው።

የልብ ምርመራ ከሌላው የሚለየው የሕመምተኛው ልብ እዚያው ማሽን ውስጥ ሳለ ሊታወክ የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ በመሆኑ ነው፤ በተለይም አዴኖሲን የተባለው የልብን ደም ሥሮች የሚያሰፋ መድኃኒት ተሰጥቶ ልብ ጫና ውስጥ ሲገባ የደም አደራረሱ በሚታይበት ጊዜ። ልብ ቢቆም ሕመምተኛው በፍጥነት ከማግኔቱ ክፍል ወጥቶ ውጭ ይረዳል እንጂ የእርዳታ ቡድኑ ዲፊብሪሌተሩን (በኤሌክትሪክ ምት ልብን የሚያስተካክለውን መሣሪያ) ይዞ ወደ ውስጥ አይገባም። ማግኔቱን በድንገተኛ ቁልፍ ማጥፋት አቋራጭ የሚመስላቸው አሉ፤ ሆኖም ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ሂሊየም ተንኖ መስኩ እስኪዳከም ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ጋዙ በቱቦው ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ ወደ ክፍሉ ቢገባ ደግሞ ኦክስጅኑን ያሳጣል። የተለማመደ ቡድን ግን ሕመምተኛውን ከዚያ በፊት ያወጣዋል። ስለዚህ ልምምዱን ሰዓት ይዘው ያካሂዱ፤ በሩ አጠገብ የቆመ አንድ ሰው ማንም በሩጫ እንዳይገባ የመከልከል ኃላፊነት እንዳለበትም በስም ተመድቦ ይታወቅ።

ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ መሣሪያ) ወይም ዲፊብሪሌተር የተተከለለት ሰው ሲመጣ «ለኤምአርአይ የተፈቀደ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፔስሜከር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ፈቃዱ ከዚያን ጊዜም ጀምሮ ከሁኔታዎች ጋር የታሰረ ነው። የመሣሪያውን ሞዴል ብቻ ሳይሆን የሽቦዎቹንም ሞዴል፣ ከቀድሞ መሣሪያ የቀረና የተተወ ሽቦ መኖር አለመኖሩን፣ የማግኔቱን ጥንካሬና የተፈቀደውን የሬዲዮ ሞገድ ኃይል መጠን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። የሬዲዮ ሞገዱ ኃይል ወሰን ለመላው አካል በመደበኛው የአሠራር ደረጃ በኪሎግራም 2 ዋት ነው፤ በሚቀጥለው ደረጃ 4 ዋት ይደርሳል። ልቡ በፔስሜከሩ ላይ ለተደገፈ ሰው መሣሪያው ከውጭ ምልክት ሳይጠብቅ እንዲመታ፣ ዲፊብሪሌተር ያለው ሰው ደግሞ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጠው ክፍል እንዲጠፋ አስቀድሞ ይስተካከላል፤ ይህን የሚያደርገው የመሣሪያ ክትትል ክፍሉ ነው። ከምርመራው በኋላ ወደ ነበረበት መመለሱ ሳይረጋገጥ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ አይሄድም።

የልብን ምት መከተል

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚያስፈጀው ይህ ነው። አንድ የልብ ፊልም በአንድ ምት ተነሥቶ አያልቅም፤ መረጃው ከብዙ ምቶች እየተለቀመ ይገጣጠማል፤ ማሽኑም እያንዳንዱ ምት የት እንደጀመረ ከኢሲጂው (ከልብ ኤሌክትሪክ መዝገቡ) አር ሞገድ፣ ማለትም በምቱ መጀመሪያ ከሚታየው ሹል ምልክት፣ ያውቃል። ችግሩ ደም ጨዋማ በመሆኑና ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ነው፤ በማግኔት መስክ ውስጥ ሲፈስ የራሱን ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ይህም ቮልቴጅ የሚጎላው ደም ከልብ በሚረጭበት ቅጽበት፣ ማለትም በኢሲጂው ላይ ከአር ሞገድ በኋላ የሚመጣው ቲ ሞገድ በሚታይበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቲ ሞገዱ ከአር ሞገዱ በልጦ ማሽኑን ያሳስተዋል፤ ማግኔቱ በበረታ መጠንም ስሕተቱ ይበረታል። ማሽኑ ውስጥ የታየን ከፍ ያለ ቲ ሞገድ የልብ ሕመም ምልክት አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ሕመምተኛው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የኢሲጂውን ቅርጽ መዝግቦ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

«ምቱን አይዝም» ተብለው ሲጠሩ ወደ ሶፍትዌሩ አይቸኩሉ፤ ከቆዳው ይጀምሩ። ፀጉሩ ተላጭቷል? ቅባቱ ተጠርጓል? የኢሲጂው ማጣበቂያዎች ጊዜያቸው አልፎ ደርቀዋል? ከዚያ በኋላ የማጣበቂያዎቹን ቦታ ትንሽ ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ምልክቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በቬክተርነቱ የሚያነበው ቬክተር ካርዲዮግራም የደሙን ቮልቴጅ ከልቡ ምልክት ለመለየት ስለሚረዳ፣ ማሽኑ ካለው እርሱን ይምረጡ። ገመዱ ክብ ሠርቶ እንዳይጠቀለልና ባዶ ቆዳ ላይ እንዳያርፍ አደራ፤ የሬዲዮ ሞገዱ አሙቆት ቆዳ ያቃጥላል። የጣት ምት መለኪያ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የደም ግፊት ሞገዱ ጣት እስኪደርስ ስለሚዘገይ የፊልሙ መነሻ ይዛነፋል።

ፊዚሲስቱ ለራዲዮግራፈሩ በእጅጉ የሚጠቅመው ግን በስሌት ነው። አንድ የመረጃ መስመር 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅ እንበል፤ ለአንድ ምስል 168 መስመር ያስፈልግ፤ በየምቱ ለእያንዳንዱ የፊልም ክፈፍ 14 መስመር ይወሰድ። አንዱ ክፈፍ 42 ሚሊሰከንድ ይሸፍናል፤ ምስሉም በ12 ምት ያልቃል፤ ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ለሚመታ ሰው ይህ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽ መያዝ ነው። አሁን ልቡ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ሰው ይምጣ። በአንድ ምት ውስጥ ያለው ጊዜ 500 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ክፈፎቹ 12 ብቻ ይሆናሉ፤ ልብ እጅግ የተኮማተረበት ቅጽበትም ሊያመልጥ ይችላል። በየምቱ የሚወሰደውን መስመር ወደ 8 ቢያወርዱት አንዱ ክፈፍ 24 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ የሚያስፈልገው 21 ምት ነው፤ ልቡ ፈጣን ስለሆነ ግን ትንፋሽ የሚያዝበት ጊዜ ያው 10 ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ይህን ቀመር በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ አዘጋጅተው ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ይለጥፉት። ምቱ የተዛባ ሰው ሲሆን ደግሞ ማሽኑ የማይመስሉትን ምቶች እየጣለ ትንፋሽ የሚያዝበትን ጊዜ ስለሚያረዝም፣ ጥራቱ ቢቀንስም ከብዙ ምት ሳይለቅም በቀጥታ የሚነሣውን ፊልም መምረጥ ይሻላል። ትንፋሹን መያዝ ያቃተውን ሰው አስጨንቆ ከሚገኝ ጥሩ ምስል ይልቅ ሳይጨነቅ የተገኘ መካከለኛ ምስል ለሐኪሙ ይጠቅማል።

ጥቁሩ መስመርና ነጩ ነጥብ

ለልብ ፊልም በብዛት የሚሠራበት ኤስኤስኤፍፒ የተባለው የምስል አነሣሥ ደምን ከጡንቻ አጉልቶ ይለያል፤ ነገር ግን የመስክ መዛነፍን አይታገሥም። የመስመሩ ጊዜ 3 ሚሊሰከንድ ሲሆን፣ ፍሪኩዌንሲው ከመካከለኛው ዋጋ በ167 ኸርዝ ገደማ በዘለለበት ስፍራ ሁሉ ጥቁር መስመር ይወጣል። ሳንባ አየር፣ ልብ ደግሞ ሥጋ ስለሆነ በሚገናኙበት ቦታ መስኩ ይዛነፋል፤ በ3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ማሽን መዛነፉ ከ1.5 ቴስላው እጥፍ ነው። መፍትሔው በማሽኑ ስክሪን ላይ መስኩ የሚስተካከልበትን ክልል የሚያመለክተውን ሣጥን በመላው ደረት ላይ ሳይሆን በልብ ላይ ብቻ ማሳረፍ፣ ከዚያም ፍሪኩዌንሲውን በ50 ኸርዝ እያንቀሳቀሱ አጫጭር ምስሎች አንሥቶ መስመሩ ከልብ ውጭ የወደቀበትን መምረጥ ነው።

ጋዶሊኒየም የተባለው ምስል አጉሊ መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጠ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ በሚነሣው ምስል ጤነኛው የልብ ጡንቻ ጠቁሮ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይታያል። ከማጥቆሪያው የሬዲዮ ምት በኋላ ጡንቻው የሚጠቁርበት የመጠበቂያ ጊዜ ጋዶሊኒየሙ ከሰውነት እየወጣ በሄደ መጠን ስለሚረዝም፣ በመጀመሪያው ምስል የሠራው ዋጋ ከ8 ደቂቃ በኋላ አይሠራም። አጠራጣሪ ነጭ ነጥብ ሲታይ ያንኑ ቁራጭ የማንበቢያ አቅጣጫዎቹን አለዋውጦ እንደገና ማንሣት ነው፤ ነጥቡ ቦታውን ከለቀቀ ወይም ከጠፋ ከማሽኑ ወይም ከእንቅስቃሴ የመጣ ነው፤ በቦታው ከቆየ ጠባሳ የመሆኑ ዕድል ይጎላል። ደረቱ ላይ ዲፊብሪሌተር ያለበት ሰው ላይ የሚታይ ሰፊና ደማቅ ነጭ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው፤ መሣሪያው በአቅራቢያው ያለውን ፍሪኩዌንሲ በሺዎች በሚቆጠር ኸርዝ ስለሚያዛንፍ፣ ጡንቻውን ማጥቆር የነበረበት የሬዲዮ ምት ጨርሶ አይደርስበትም። ለዚህ የተሠራ ሰፊ ባንድ ያለው፣ ማለትም ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል የሚሸፍን፣ ምት አለ፤ ማሽኑ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ።

ቁጥሮቹን የሚያምን ሰው እንዳይሳሳት

ምስል ሲበላሽ በዓይን ይታያል፤ ቁጥር ሲበላሽ ግን ማንም አያየውም። በእኔ እምነት ፊዚሲስቱ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው።

የልብ ጡንቻው ቲ1፣ ማለትም ከሬዲዮ ምት በኋላ ማግኔታዊነቱ ወደ ነበረበት የሚመለስበት ጊዜ፣ በ1.5 ቴስላ ወደ 1000 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፤ በ3 ቴስላ ይረዝማል። አሚሎይድ የተባለው ሕመም ከፍ ያደርገዋል፤ ፋብሪ የተባለው ሕመምና የብረት ክምችት ዝቅ ያደርጉታል። ይሁንና በብዛት የሚሠራበት ሞሊ የተባለው ዘዴ ከእውነተኛው ዋጋ ዝቅ አድርጎ የሚለካ፣ በልብ ምት ፍጥነትም የሚነካ ስለሆነ፣ የሌላ ሆስፒታልን የጤነኛ ወሰን ተውሶ መጠቀም አይቻልም። በራስዎ ማሽን፣ በዚያው ፕሮቶኮል ጤነኛ ፈቃደኞችን ለክተው ወሰኑን ያውጡ። ከዚያ በየጊዜው ፋንተም (ጠባዩ የታወቀ የመፈተሻ ዕቃ) ይለኩ፤ የክፍሉን ሙቀት አብረው ይመዝግቡ፤ የፋንተሙ ቲ1 ከሙቀት ጋር ይለዋወጣልና። የሶፍትዌር ማሻሻያ በተደረገ ማግሥት ደግሞ ከመጀመሪያው ሕመምተኛ በፊት ይለኩ።

የብረት ክምችትን ለመለካት ቲ2 ኮከብ፣ ማለትም የጡንቻው ምልክት የሚደክምበት ጊዜ፣ በ1.5 ቴስላ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ክምችት መኖሩን፣ ከ10 በታች ከሆነ ክምችቱ ከባድ መሆኑን ያመለክታል። መለኪያው የሚያርፈው ሁለቱን የታችኛውን የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው፤ የውጭው ግድግዳ በሳንባው አየር ምክንያት ያለ ብረትም ዋጋው ሊወርድ ይችላል።

የደም ፍሰት ልኬት ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ የቁርጥማት ትኩሳት የልብ ቫልቭን በሚያበላሽበት አገር ልዩ ትርጉም አለው። በሚትራል ቫልቭ (በግራዎቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ቫልቭ) ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም የሚገኘው፣ የታችኛው የግራ የልብ ክፍል በአንድ ምት ከሚረጨው ላይ በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ሥር) የሚያልፈውን በመቀነስ ነው፤ ለምሳሌ 100 ሚሊሊትር ሲቀነስ 70፣ 30 ይሆናል። አሁን ማሽኑ በቆመ ነገር ላይ እንኳ በሰከንድ 1 ሴንቲሜትር የሐሰት ፍጥነት ቢያሳይ፣ ስፋቱ 7 ካሬ ሴንቲሜትር በሆነ አኦርታ ላይ፣ ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ፣ በየምቱ 6 ሚሊሊትር ስሕተት ይገባል። ተመላሹ 30 የተባለው 24 ወይም 36 ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህም የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ውሳኔን የሚያዛባ ልዩነት ነው። ለመፈተሽ ቀላል ነው፤ ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ የማይንቀሳቀስ ትልቅ ፋንተም አስገብቶ ያንኑ ቁራጭ፣ በዚያው ማዕዘንና በዚያው የፍጥነት ወሰን ማንሣት፣ የተገኘውንም ቁጥር መቀነስ ነው። አኦርታውን በተቻለ መጠን ወደ ማግኔቱ መካከል ማድረግም ስሕተቱን ከምንጩ ይቀንሳል።

ለሐኪሙ መልስ ሲሰጡ «ማሽኑ ደኅና ነው» ብለው አያብቁ። ምን እንደለኩ፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው የሶፍትዌር ስሪት እንደለኩ፣ ስሕተቱ ከነመጠኑ ስንት እንደሆነ፣ በዚያ ሕመምተኛ ውጤት ላይም ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያዛንፍ በሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ቅጂውንም በማሽኑ መዝገብ ያኑሩ። ከስድስት ወር በኋላ ያው ሕመምተኛ ለክትትል ሲመለስና ቁጥሩ ተለውጦ ሲገኝ በመጀመሪያ የሚፈለገው ያ ወረቀት ነው።