አጋዘኑ ለምን አመለጠ? በቀስት አደን የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ የተጻፈው ፈቃድና ወቅቱን ላሟላ፣ በ20 ሜትር ርቀት ፍላጻዎቹን መዳፍ በሚያክል ቦታ ላይ ለሚሰበስብ ሰው ነው። እዚያ ያልደረሰ ሰው ጫካ ከመግባቱ በፊት ዒላማው ላይ ይቆይ።

ምልክት፦ አጋዘኑ ሳይታይ በአፍንጫው አናፍቶ ይሸሻል፤ ወይም 60 ሜትር ላይ ቆሞ ይመለሳል

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ ነው። ሰው ግን የልብሱን ቀለም ይለውጣል፣ ጠረን ያጠፋል የተባለ ፈሳሽ ጠርሙስ ሙሉ ይረጫል። ፈሳሹ ጠረኑን ቢቀንስ እንጂ አያጠፋውም፤ ትንፋሽ ላይ የሚረጭ ነገር ደግሞ የለም። አጋዘን ያየውን ይጠራጠራል፣ የሰማውን ቆሞ ያጣራል፣ ያሸተተውን ግን ደግሞ አይጠይቅም።

ታልክ ዱቄት የሞላ መጭመቂያ ጠርሙስ ያዙ። አጋዘኑን የምትጠብቁበት ማማ ላይ ሆናችሁ አንዴ ጨመቅ አድርጉና እስኪጠፋ ድረስ በዓይን ተከተሉት። ብዙዎች የመጀመሪያዋን አንድ ሜትር አይተው ጠርሙሱን ኪሳቸው ይከታሉ። ቁም ነገሩ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ፊት ለፊት የሄደ ነፋስ ጥቂት ሜትር እንደራቀ ወደ ሸለቆው ሊጠመዘዝ ይችላል። ዱቄት ቶሎ ስለሚበተን የጥጥ ብናኝ ወይም የሚንሳፈፍ የዘር ጭገር ርቆ ይታያል።

ተዳፋት ላይ ትንበያው የሚለውን ብቻ አትመኑ። ሰማይ ጠርቶ ነፋሱ ሲረጋ፣ ጠዋት ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ አመሻሽ ላይ ሲቀዘቅዝ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። ስለዚህ ጠዋት ከአጋዘኑ መተላለፊያ በላይ፣ ማታ ከመተላለፊያው በታች ተቀመጡ። «ያው ማማ ጠዋት ሠርቶ ማታ ሁሉም ሸሸብኝ» የሚለው አቤቱታ መልሱ ይኸው ነው። አየሩ አቅጣጫ በሚቀይርበት ሰዓት ነፋሱ ስለሚዞር አትንቀሳቀሱ፣ ከማማውም አትውረዱ።

ማማው ልክ ሆኖ መግቢያው የሚበላሽበትም ብዙ ነው። አዳኙ መንገዱ ስለተመቸው በአጋዘኑ መሄጃ ይገባል፤ ከሰዓታት በኋላ አጋዘኑ መጥቶ አፍንጫውን ጫማው ያረፈበት ላይ ይደፋና ዞሮ ይሄዳል። መሄጃውን አታቋርጡ፣ ቅርንጫፍ በባዶ እጅ አትግፉ፣ የላስቲክ ቦት አድርጉ። ነፋሱ ልክ ያልሆነ ቀን ሌላ ማማ ከሌለ ቤት ዋሉ። ነፋሱ ልክ ሳይሆን መቀመጥ ቦታውን ለቀጣዮቹ ቀናትም ያበላሻል።

ምልክት፦ ልኬቱ ትክክል ሆኖ ፍላጻው ከጀርባው በላይ ያልፋል

ፍላጻው አልሳተም፤ አጋዘኑ ዝቅ ብሎ ነው። በሰከንድ 80 ሜትር የሚሄድ ፍላጻ 30 ሜትር ለመድረስ ከሰከንድ ሲሶ በላይ ይፈጅበታል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቀድሞት ይደርሳል። አጋዘኑ ለመዝለል እግሮቹን ሲያጥፍ ጀርባው ይወርዳል። ጆሮውን አቁሞ በሚያፈጥ አጋዘን ላይ አትተኩሱ። ከባድ ፍላጻ ቀስቱን ዝም ያሰኘዋል፣ ከቀላልም የጠለቀ ይገባል። ከማማ ስትተኩሱ ክንዳችሁን ብቻ ሳይሆን ወገባችሁን አጥፉ፤ አለዚያ ፍላጻው ወደ ላይ ይሄዳል።

ምልክት፦ የልምምድ ጫፍ ያለው ፍላጻ መሃል ይመታል፣ የአደን ስለት ያለው ግን ወደ ጎን ይሄዳል

ስለቱ እንደ ክንፍ ነፋስ ስለሚይዝ በቀስቱ አስተካከል ላይ ያለችውን ትንሽ ስህተት ያጋልጣል። ቀስቱ ላይ ፍላጻው የሚያርፍበትን ማስቀመጫ ስለቶቹን ወደ ልምምድ ጫፎቹ በሚወስዳቸው አቅጣጫ፣ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ሳይበልጥ አንቀሳቅሱ። ሁለቱ ሳይገጥሙ ማነጣጠሪያውን አትንኩ፤ ችግሩን መደበቅ ነው። ርካሽ ስለት ከፋብሪካው ዶልዶሞ ይመጣል። ወረቀት በንጽህና ካልቆረጠ ሳሉት ወይም ጣሉት። የካርቦን ፍላጻ ከመተኮሳችሁ በፊት በቀስታ አጥፋችሁ ስሙት፤ ስንጥቅ ካለው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ያለ ፍላጻ አውታር መልቀቅም ቀስቱን ሊሰብር ይችላል።

ምልክት፦ ተመትቷል፣ አልተገኘም

መንስኤው ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው መተኮስና ቸኩሎ መከተል ነው። የሚተኮሰው ጎኑን ሲሰጥ ወይም ትንሽ ዞሮ ሲሄድ ብቻ ነው፤ ዒላማው ከፊት እግሩ ኋላ፣ በደረቱ የታችኛው ሲሶ ላይ። ፊት ለፊት ከቆመ ተዉት።

ከተኮሳችሁ በኋላ ፍላጻውን ፈልጋችሁ ደሙን አንብቡ። ሮዝ መሳይ አረፋማ ደም ሳንባ ነው፤ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጥቁር ቀይ ጉበት ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ጠብቁ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር፣ መጥፎ ሽታም ካለው፣ ጨጓራ ወይም አንጀት ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ ሙቀት ካለ ግን ሥጋው ስለሚበላሽ በአጭሩ ጊዜ። ያለ ጊዜው የተነሳ አጋዘን ደሙ ቆሞ ኪሎ ሜትሮች ሊሄድ ይችላል።

ስትከተሉ ዱካው ላይ አትርገጡ፣ በጎኑ ሂዱ። የመጨረሻዋን የደም ጠብታ በደማቅ ሪባን ሳታመለክቱ አንድ እርምጃ እንኳ አትለፉ። ሪባኖቹን ወደ ኋላ ዞራችሁ ስታዩ የሚሄድበት መስመር ይገለጣል። ደሙ ከጠፋ ከመጨረሻው ሪባን ዙሪያ ክብ እያሰፋችሁ ሂዱ፤ ውሃና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ቅድሚያ ይፈተሻሉ።

ከማማው ወርዶ መሬት እስኪረግጡ የደኅንነት ቀበቶው አይፈታ፤ ቀስቱም በገመድ ይውረድ እንጂ በእጅ ይዞ መውረድ የለም።